ሣር የጎረሰ ቃጭል

ገላፊ ላይ ሰልፍ የያዘ ሰው ሰዓቱን ባያይ ይሻለዋል። ተሳቢው ከቦቴው፣ ቦቴው ከተሳቢው አፍንጫና ጅራት ገጥሞ ቆሟል። ሞተር ጠፍቷል፤ ረዳቶቹ ከመኪናው ሆድ ሥር ሰሌን አንጥፈው ተጋድመዋል። ከላይ ፀሐይዋ፣ ከታች ጥቁሩ ድንጋይ ይጋግራል። ባለፈው ሰኔ እኔም ከሰመራ የጭነት መኪና ላይ ተለጥፌ ሄጄ፣ ከነሾፌሩ እዚያው ተቸንክሬ ዋልኩ። ይህን ተረት የሰማሁት በሰሌን በተጋረደች ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሾፌሮች ሁሉ "አስር አለቃ" ከሚሏቸው ፀጉራቸው ከሸበተ ሰው ነው።

አስር አለቃ ቡሬ ግንባር የነበሩ ናቸው። የጎጃሙን ቡሬ ማለቴ አይደለም፤ የአፋሩን፣ አሰብ መንገድ ላይ ያለውን ነው። ከሰመራ ተነሥቶ ሰርዶን ያለፈ መንገድ ዲቾቶ ላይ ሲደርስ ሁለት ይሆናል፦ አንዱ ወደ ገላፊና ጅቡቲ፣ ሌላው በኤሊዳርና በማንዳ አድርጎ ወደ ቡሬና አሰብ። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ባድመ ላይ የተነሣው ጦርነት የአሰቡን መንገድ ዘጋውና ያገር ዕቃ ሁሉ ወደዚህ ዞረ። "ይሄ ሰልፍ የኛ ጦርነት ልጅ ነው" ይላሉ፣ ከበር የሚታየውን የመኪና ሰልፍ በአገጫቸው እያሳዩ። በቦርድ ተሰናብተው፣ መንጃ ፈቃድ አውጥተው፣ ከዚያ ወዲህ በምሽጋቸው ጎረቤት ሲመላለሱ ከ20 ዓመት በላይ አልፏቸዋል።

ስለ ጦርነቱ ጠይቄያቸው ነበር፤ አጥብቄ አይደለም። ኮቾሮ በሻይ ነክሮ ስለመብላት ጥቂት አወሩኝና ዝም አሉ። ቆይተው፣ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ "ተረት ተረት" አሉ።

ሻይ የምትቀዳው ሴት ከምድጃው ሳትዞር "የላም በረት" አለች።

"የላም አይደለም ልጄ፤ የግመል ነው።"

ድሮ ነው፤ አዋሽ ዳር ግመሎች ብቻቸውን በሚኖሩበት ዘመን። አዋሽ ያኔም እንደ ዛሬው ከጊንጪ ደጋ ተነሥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ባሕሩ ቅርብ ነው ሲባል አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነበር። ግመሎቹ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ዳጉ። በመንገድ የተገናኙ ሁለት ግመሎች ሳይንበረከኩ አይተላለፉም። ተንበርክከው የት እንደዘነበ፣ ማን እንደወለደች፣ የየትኛው ኤላ ውሃ እንደመረረ ይነጋገራሉ። ያላዩትን መጨመር ነውር ነው፤ ያዩትን መደበቅ ደግሞ ከውሃ ያስከለክላል። ዱብቲ የወለደች ግመል ወሬዋ ሳይመሽ ሚሌ ይገባ ነበር። (አፋሮች ይህን ሕግ እስከ ዛሬ ይዘውታል፤ ስልክ በማይሠራበት ዳጉ ይሠራል። ከግመል ይማሩት፣ ግመል ከነሱ ይማር፣ አስር አለቃ አልነገሩኝም።)

ግመሎቹ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ሁለት ቤት ነበሩ፦ ወንዝ የሚጠጡና ጨው የሚልሱ። ወንዘኞቹ ጨው ሲያምራቸው ይሄዳሉ፤ ጨወኞቹ ሲጠማቸው ይመጣሉ። ይጋባሉ፣ ክርስትና ቢኖራቸው ክርስትና ይነሣሡ ነበር። አንድ ቀን የሁለቱ ቤት አውራዎች በአንዲት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተጣሉ። ሣር አታበቅል፣ ውሃ አትቋጥር፣ ጥላ የላት።

"ታዲያ ምን ታደርግላቸዋለች?" አለ አንድ ረዳት።

አስር አለቃ ቀና ብለው አዩት። "እኔም ጠይቄ ነበር። ሦስት ሌሊት ዘብ ጨመሩብኝ።"

የወንዘኞቹ አውራ፣ ገና ጨው ያልተጫነ ጎረምሳ ሁሉ ይውጣ አለ። ወጪውን የሚመዘግብ ዝንጀሮ ነበር። በዚያ አገር ጣት ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ጸሐፊውም፣ ሰፊውም፣ ቋጠሮ ቋጣሪውም እሱው ነው። ለየጎረምሳው የእንጨት ቃጭል ፈልፍሎ አንገቱ ላይ አሰረለት። ቃጭል በግመል አገር ጌጥ አይደለም፤ የጠፋ የሚገኝበት ነው። አንዱ ከግራር፣ አንዱ ከሌላ እንጨት፣ አንዱ ወፍሮ፣ አንዱ ሳስቶ ስለሚፈለፈል፣ እናት በጨለማ የልጇን ቃጭል ከመቶ መሐል ትለየዋለች። ግመል 13 ወር ተሸክማ ነው አንድ የምትወልደው፤ ድምፁን ብትለይ አይፈረድባትም።

ዳለቻና ቡላ ጎረቤታሞች ነበሩ። የዳለቻ ልጅ ዳማ ይባላል፣ የቡላ ልጅ ደግሞ ቦራ። አንድ ላይ ጠብተው፣ አንድ ላይ እሾህ ወግቷቸው ያደጉ ናቸው። ሁለቱም ወጡ። አቧራው፣ እልልታው፣ የቃጭሉ ጋጋታ ሌላ ነበር።

ሌሊት፣ ከመንደሩ አንድ ኮረብታ እንዳለፉ፣ ዝንጀሮው ሰልፉን አስቆመ። "ጠላት ይሰማል" ብሎ በየቃጭሉ ሆድ ደረቅ ሣር እየጠቀጠቀ አለፈ። ጣቱ ፈጣን ነው፦ አንድ ቃጭል፣ አንድ ጭብጥ ሣር። መንደር ውስጥ ጆሮዋን አቁማ የምታዳምጥ እናት ሁሉ ድምፁ አንድ በአንድ ሲጠፋ ሰማች። ራቁ ማለት ነው ብላ አሰበች።

"ሣሩ እውነት ነው?" አለ ያው ረዳት።

"የኛ ኮዳ ነበር" አሉ አስር አለቃ። "እንዳይንኳኳ ካልሲ እናለብሰው ነበር።"

ሁለት ዓመት ተዋጉ። ስለ ውጊያው በተረቱ ውስጥ ያለው ይኸው ሁለት ቃል ነው፤ ረዳቱ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ የአስር አለቃን ፊት አይቶ ዘጋው።

ቦራ ተመለሰ። የኋላ ቀኝ እግሩ ያነክሳል፤ ቃጭሉ እንደተጠቀጠቀ ነው። እናቱ ቡላ ስታየው የምትሆነውን አጣች። "ና ልጄ፣ ሣሩን ላውጣልህ" ብላ ጥርሷን ወደ አንገቱ ስታስጠጋ ዘለለና ረገጣት። ደረቷ ላይ ነው ያረፈባት። በማግስቱ ጎረቤት ምን ሆነሽ ነው ሲላት፣ "ድንጋይ አደናቅፎኝ" አለች። ዳጉ ከተደነገገ ወዲህ በዚያ መንደር የተዋሸ የመጀመሪያው ውሸት ይኸው ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ቦራ በረት ውስጥ አላደረም። ከአንድ ግራር ሥር ቆሞ ያነጋል። ግልገሎች ሲጫወቱ ጠጠር ቢያንከባልሉ መሬት ላይ ልጥፍ ይላል፤ ያን ያህል ቁመት ያለው ፍጡር እንዲያ ሊለጠፍ ይችላል ብሎ ያመነ አልነበረም። ግልገሎቹ ደስ አላቸው፤ ጨዋታ መሰላቸውና ደጋገሙት። ቡላ ናት እያለቀሰች ያባረረቻቸው።

ያስጨነቀው ግን ዳጉ ነው። አውራው አንድ አዋጅ አውጥቶ ነበር፦ ከድንጋይዋ የመጣ ወሬ በዳጉ አይነገርም፤ ለጠላት ጆሮ ይሆናል፣ የእናቶችንም ልብ ይሰብራል። የጥንቱ ሕግ ያየኸውን ተናገር ይላል፣ የአውራው ሕግ ዝም በል ይላል። በሁለቱ መካከል የተያዘ ግመል ያለው መላ ከሰው አለመገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ ቦራ ውሃ የሚወርደው በቀትር፣ ነፍስ ያለው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ ሆነ። በተለይ የዳለቻን ሰዓት ለይቶ ያውቃል። እሷ በምትወርድበት መንገድ አይወጣም።

ዳለቻ ያገኘችውን ሁሉ ታስንበረክካለች። ስለ ዝናቡ ይነግሯታል፣ ስለ አንበጣው፣ ስለ አዋሽ ሙላት። ዳማን ያየ የለም። በመጨረሻ ማንም ዳጉ የማይቀመጠው ፍጡር ዘንድ ሄደች፤ ጥንብ አንሳ ዘንድ።

"አይቻለሁ" አላት ጥንብ አንሳ፤ በጨዋ ደንብ ነው የተቀበላት። "ብዙ አይቻለሁ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቀለም የላቸውም። ዳለቻ፣ ዳማ፣ ቦራ የምትሉት ቆዳ ላይ የቀረ ነገር ነው። የዚያኛውን ቤት ልጆች እንኳ ከናንተ መለየት አልቻልኩም።"

እዚህ ላይ አስር አለቃ ከተረቱ ወጡ። ሐዳር እዚሁ አፋር ውስጥ ነው፤ በ1967 የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ተገኝቶ ስም የወጣለት፣ ሉሲ፣ ድንቅነሽ የተባለችው እዚያ ነው። "እሷን ያገኟት ሰዎች አንድ ቀን ቡሬ ብቅ ቢሉ" አሉ። ሊስቁ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቁም።

እኔም አንድ ነገር ላስገባ። መርዶ በኛ አገር በሰው እግር የሚሄድ ነገር ነው። ወዳጅ ዘመድ ማልዶ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ፣ ባለቤቱ ገና ከመኝታው ሳይነሣ ይገባበታል። ያልተረዳ ሰው ግን ለቅሶ አይቀመጥም፣ ተዝካር አያወጣም። ሚስት ባሌ ሞቷል ብላ አታገባም፣ አለ ብላም አትጠብቅም። በ1983 ከተበተነው ሠራዊት ልጇ የት እንደወደቀ ሳትረዳ ያረጀች እናት በየወረዳው አለች። የ2013ቱ ጦርነት ፕሪቶሪያ ላይ ከተቋጨ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በጥቅምት 2016፣ ትግራይ ውስጥ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ መርዶ በየቤቱ ገባ። ያን ሰሞን መቐለ ላሉ ወዳጆቼ ስልክ ስደውል የምለው ጠፍቶኝ ነበር። አንዷ ግን "ቢያንስ ፍራሽ አወረድን" አለችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ቤቷ ውስጥ ፍራሹ እንኳ የት መነጠፍ እንዳለበት አይታወቅም ነበር ማለቷ ነው።

ወደ ግመሎቹ እንመለስ። ልጆቻቸው ያልተመለሱላቸው እናቶች ወተታቸው ነጠፈ።

ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ግመል ሲያረባ ያደገ የዚያው አገር ሰው፣ ይህን አልተቀበለም። ግመል የምትታለበው በሚጠባው ግልገል ነው፤ ዘማች ያደረሰ ጎረምሳ ከወተቷ ጋር ምን አገናኘው? ሙግቱ ትክክል ነው። አስር አለቃ ግን "እኔ ስዘምት 30 ዓመቴ ነበር" አሉት። "እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏት ነበር።" ሰውየው ተረታ።

ወተት ከሌለ ድንጋይዋ ዘንድ ያሉት አይበሉም። አውራው ዝንጀሮውን ጠራ። ዝንጀሮው አሰበና፣ በድርቅ የሞቱ ግልገሎችን ቆዳ ሰብስቦ፣ ጭድ ሞልቶ ሰፋው። ጥጃዋ የሞተባትን ላም ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ገለባ የተሞላውን ቆዳ ፊቷ ሲያቆሙላት ትልሰዋለች፣ እየላሰች ታግታለች፣ እያገተች ትታለባለች። ዝንጀሮው ቆዳውን ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ጮጮውን በእጁ አንጠልጥሎ ከዳለቻ ደጅ ደረሰ። አራቱን እንጨት እግር አስተካክሎ አቆመላት። ዓይኑ ባለበት ቦታ ሁለት ዘለላ ስፌት አለ። ዳለቻ አሸተተችው፦ ጭድ፣ የዝንጀሮ መዳፍ፣ ከዚያ በታች ደግሞ እሷን ቀድማ የላሰች የሌላ እናት ምራቅ።

"ይሄ ልጄ አይደለም።"

"የማንም ልጅ አይደለም። ለሁላችሁም የሚሆነው ለዚህ ነው።"

"ዳማ ሞቷል ማለት ነው?"

"እንደዚያ አላልኩም።"

"አለ ማለት ነው?"

"እንደዚያም አላልኩም። ሞቷል የምትዪ ከሆነ ሲሞት ያየ ምስክር አምጪ። ከመዝገቡ እሰርዘውና ድርሻሽ ይቆረጥልሻል።"

"ያየ እንዳይናገር ታዟል'ኮ።"

"እሱ በሌላ መዝገብ ነው ያለው" አላት ዝንጀሮው፤ በክፋት አልነበረም፣ መዝገቦቹ በእርግጥም ሁለት ነበሩ።

ከዳለቻ እግር ሥር የዳማ ታናሽ እህት ነበረች፤ ከረሃብ ብዛት ድምፅዋ የከሳ። ዳለቻ እሷን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ቆዳውን ላሰችው። ወተቱ መጣ። እኩሌታው ለጮጮው፣ እኩሌታው ለልጅቷ። መንደሩ "ረሳችው" ብሎ አወራባት። በየማታው ስትልስ ዓይኗን የምትጨፍን መሆኗን ያየ አልነበረም፤ ወይም አይቶ በዳጉ አልነገረም።

አዲስ ዓመት ሲጠባ ሁለቱ አውራዎች ድንጋይዋ ላይ ተገናኙ። አንገት ለአንገት ተጠማጠሙ። የሁለቱም ቤት ግመሎች እልል አሉ፤ ከአንድ ጮጮ ወተት ተጠጣ። ወተቱ የነዳለቻ ነው። (መስከረም 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች ቡሬ መጥተው ከየሠራዊታቸው ጋር እንቁጣጣሽን ሲያከብሩ፣ አስር አለቃ መኪናቸውን ዲቾቶ አቁመው ሬዲዮ እየሰሙ ነበር። መሪውን ወደ አሰብ ልጠምዝዝ ወይ ብለው እንደነበር ይናገራሉ። መንገዱ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።) ከዚያ ደግሞ ሌላ ድንጋይ ተገኘ፣ ከሌላ ዘመድ ጋር፤ የዚህኛው እሳት ግጦሹ ድረስ ወረደ። አስር አለቃ ይህችን ሲሉ ወደ ሻይ ቀጂዋ አላዩም። የ2013ቱ ጦርነት አፋር ሲደርስ ከጭፍራ ልጅ አዝላ የወጣች ሴት ናት።

አንድ ቀትር ቦራ ከወንዙ ጠጥቶ ሲወጣ፣ ዳለቻ መንገዱ መሐል ተንበርክካ አገኛት። ሰዓቷን ለውጣለች።

ዞሮ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው። ግን የተንበረከከችን ሽማግሌ ቆሞ ማለፍ እግሩ እምቢ አለው። ተንበረከከ። ደንቡ ታላቅ ይጀምር ነውና ዳለቻ ጀመረች። የዳማን ስም አላነሣችም። ሎጊያ በኩል ስለጣለው ካፊያ ነገረችው። ግጦሹን ስለሚውጠው ባዕድ እሾህ ነገረችው፤ ፍሬው ለጥርስ እንደማይበጅም። እናቱ ቡላ ስትተነፍስ ደረቷን እንደሚወጋት፣ ድንጋይ አደናቅፎኝ እንደምትል ነገረችው። ልጅቷ ማደጓን፣ ወንድሟን መልኩን እንደማታስታውስ ነገረችው። ጥላው ከዚህኛው ጎናቸው ወደዚያኛው እስኪዞር አወራች። ከዚያ፣ "የኔ አለቀ። ያንተን አሰማኝ" አለችው።

ቦራ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። አንገቱን መሬት ላይ ዘረጋ።

ዳለቻ ተጠጋች። ቀስ ብላ፣ ትንፋሿን እያሰማችው፣ እንዳይደነግጥ፣ ጥርሷን ቃጭሉ አፍ ውስጥ አስገባች። ሣሩ በላብና በአቧራ ጠጥሮ እንጨት ሆኖ ነበር። በጥቂት በጥቂቱ ሳበችው። የመጨረሻው ጉንጉን ሲወጣ ቃጭሉ በራሱ ነቅነቅ ብሎ አንዴ ጮኸ።

የቦራ ቃጭል አልነበረም።

"በስተግራዋ ነው" አለ ቦራ። "ድንጋይዋ ጋ አልደረሰም። ያደረው ሕያው ነው። ሣሩን አውጣልኝ፣ እናቴ ትስማ ብሎኝ ነበር። ጠላት ይሰማል ብዬ አላወጣሁለትም። ሲነጋ ጠላትን አየሁት፤ እዚያው አጠገባችን ወድቋል። የሱም ቃጭል ሣር ጎርሷል።"

ዳለቻ ዝም አለች። ቃጭሉን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አንዴ ደግማ አስጮኸችው። ቦራ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሸሸም። ከዚያ ተነሣችና ወደ መንደር መንገድ ጀመረች፤ በዳጉ ሕግ የሰማ ሰው መጀመሪያ ላገኘው ያሰማል። መጀመሪያ ያገኘችው ለማታው አለባ የሚመጣውን ዝንጀሮ ነው፤ ቆዳዎቹ ትከሻው ላይ፣ ጮጮው በእጁ። ዳለቻ መንገዱ መሐል ተንበረከከች።

"ተቀመጥ። ዳጉ ይዣለሁ።"

አስር አለቃ እዚህ ሲደርሱ ከውጭ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ከፊት ያለው ቦቴ ተንቀሳቅሷል። "ሰልፉ ሄደ! ሰልፉ ሄደ!" እያሉ ረዳቶቹ ከሰሌናቸው ተነሡ፤ ሻይ ቤቱ ባንድ አፍታ ተራገፈ። አስር አለቃ የሻያቸውን ከፍለው፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በሩ ጋ ደረሱ።

"አስር አለቃ" አለች ሻይ ቀጂዋ። ማንቆርቆሪያውን ገና በእጇ ይዛለች። "ቡሬ ላይ አጠገብዎ የነበረው ማን ነው?"

ቆሙ። ከኋላ የቀሩት መኪኖች ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ፤ አንዱ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ስማቸውን ይጣራል። አስር አለቃ የመኪናውን ቁልፍ ለረዳታቸው ወረወሩለት፤ ተመልሰው ገቡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።